የእናትሽ ሲንጀር አላረጀም

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆይ፤ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ስድስት ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ሠርቼ ከተመለስኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የልብስ ስፌት እጀምራለሁ ብዬ እንደመጣሁ የሦስት ወር ሥልጠና ወሰድኩ። ያጠራቀምኩት 180,000 ብርም ባንክ አለ። ችግሬ ማሽን ነው። ቤት ያለው እናቴ እኛን ያሳደገችበት የእግር ሲንጀር ብቻ ነው። አርጅቷል፤ ስሰፋበት ክሩ ከታች እየተቋጠረ አስቸገረኝ። እኔ የምፈልገው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን፣ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚመታ ኦቨርሎክ፣ የእንፋሎት ካውያ፣ ልብስ የሚሰቀልባቸው ሁለት አሻንጉሊቶችና የመስታወት በር ያለው ሱቅ ነው። ያለኝ ብር ለዚህ ሁሉ አይበቃም። 150,000 ብር ልበደር ወይስ ዕቁብ ልግባ? የብር ዋጋ እየወረደ ስለሆነ ቶሎ መግዛት አለብኝ ብዬ አስባለሁ። ስለ ማሽን ከ300 በላይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ የቱ እንደሚሻል አውቀዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ከመጣሁ የሰፋሁት ለእህቴ ልጅ አንድ ቀሚስና አንድ የትራስ ልብስ ብቻ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ የእናቷ ፔዳል ላይ ቁጭ ብላ ሲያዩ ሰው ምን ይላል? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

*

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ለአገርሽ አበቃሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ብድር ነው፤ የእኔ ዓይን ግን ሁለት ሌሎች ቦታዎች ላይ ቀረ። አንዱ «ክሩ ከታች እየተቋጠረ» ያልሽው፣ ሌላው «ሰው ምን ይላል» ያልሽው ነው። ከክሩ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

ከታች ክር የሚቋጥር መኪና አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ከታች ስለታየ ጥፋቱ የታችኛው ክር ይመስላል እንጂ ነገሩ ያለው ከላይ ነው። የላይኛውን ክር የሚቆነጥጡ ሁለት ትንንሽ ክብ ብረቶች አሉ። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ካስገባሽ ብረቶቹ ተጣብቀው ስለሚቆዩ ክሩ በመካከላቸው አይገባም፤ ላያቸው ላይ ይንሳፈፋል። የሚይዘው ስለሌለ መርፌው በወረደ ቁጥር ከሚገባው በላይ ይለቀቅና ከጨርቁ ሥር ይከመራል። እግሩን አንሺ፣ ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጪ፣ እንደገና አስገቢ። ከዚያ እግሩን አውርጂና ክሩን በጣትሽ ሳብ አድርጊው፤ ትንሽ እንቢ ማለት አለበት። በዚህ ካልተስተካከለ መርፌውን ቀይሪ። የጠመመ ወይም የደነዘዘ መርፌም ስፌት ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል። መካከለኛ ውፍረት ላለው ጥጥ 90/14 የሚል መርፌ ነው የሚሆነው፤ ለስስ ጨርቅ 75/11፣ ለጂንስ 100/16። ፔዳሉን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የቆዳ ማሰሪያ ከላላና መንኮራኩሩ ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ ከጫፉ ቆረጥ አድርገሽ መልሰሽ አያይዢው። ዘይት ስታጠጪው የስፌት መኪና ዘይት ይሁን። የምግብ ዘይት ውስጥ ገብቶ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ ስንቱ ደህና መኪና በዚህ ተበላሽቷል መሰለሽ።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ በምክንያት ነው። ሦስት መቶ ቪዲዮ ያየች ሴት ቤቷ ያለው መኪና ለምን ክር እንደሚቋጥር አላወቀችም። ስለ ማሽን የምታውቂው ስለ መግዛት ነው። ስለ መስፋት ማወቅ የሚገኘው ደግሞ ክር በተቋጠረ ቁጥር ተበሳጭተሽ፣ ፈትተሽ፣ እንደገና ሞክረሽ ነው። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? አንቺ አንድ ዓመት ከአራት ወር ከበሮውን በሰው እጅ ስታዪ ቆየሽ።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ቀላል የሴት ቀሚስ፣ የትከሻው፣ የጎንና የጎኑ፣ የእጅጌው፣ የአንገቱ፣ የዚፑና የታችኛው ጠርዝ ስፌት ሁሉ ቢደመር አሥር ሜትር ያህል ይሆናል። አንዱ ስፌት 2.5 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ሜትሩ 400 ስፌት ነው፣ ቀሚሱ በጠቅላላ 4,000። አንቺ የምትመኚው የፋብሪካ ማሽን በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት መምታት ይችላል። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነቱ ቢሄድ የቀሚስሽን ስፌት ሁሉ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሳል። የእናትሽ ሲንጀር በደቂቃ አራት መቶ ቢመታ አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። አሁን ልጠይቅሽ፤ የእህትሽን ልጅ ቀሚስ በስንት ጊዜ ጨረስሽው? አንድ ቀን? ሁለት ቀን? ማሽኑ የሚያተርፍልሽ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የቀረው ሰዓት የሄደው በመለካት፣ በመቁረጥ፣ በመወስወስ፣ በመተኮስ፣ ተሳስቶ በመፍታት ነው፤ እሱን የትኛውም ማሽን አይሠራልሽም። ዘጠኝ ደቂቃ ዋጋ የሚኖረው በቀን ሃያ ቀሚስ የምታወጪ ቀን ነው። ያ ቀን ይምጣ፤ ሲመጣ እኔው ራሴ ግዢ እልሻለሁ።

ደግሞ ሁለቱም የሚሰፉት አንድ ዓይነት ስፌት ነው፤ የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር ጨርቁ መካከል ላይ ይቆላለፋል። ኤልያስ ሃው የሚባል አሜሪካዊ በዚህ ስፌት ለሚሠራው መኪናው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት አገኘ፤ አይዛክ ሲንገር በ1851 የራሱን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ፍጥነቱና ምቾቱ ነው፤ ቀጥ ያለው ስፌት ያው ነው። ደንበኛሽ ቀሚሱን ገልብጣ ብታየው በፔዳል ይሁን በኤሌክትሪክ የተሰፋ አትለይም። ትከሻው ከተጣመመ ግን ከሩቅ ትለየዋለች። የፔዳሉ ሌላ ጥቅም ደግሞ አንቺ ደሴ ተቀምጠሽ እኔ ልነግርሽ አይገባም፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም።

ኦቨርሎክ እፈልጋለሁ ያልሽውን አልንቀውም። ቲሸርት፣ ቱታ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ሁሉ ልሰፋ ካልሽ ያስፈልግሻል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ሲለጠጥ ይበጠሳል። ለማይለጠጥ ስስ ጨርቅ ግን ከኦቨርሎክ በፊት የነበሩ ሰፊዎች የሚያውቁት ሌላ መንገድ አለ፣ በሥልጠናው ካላሳዩሽ እኔ ልንገርሽ። ሲቆረጥ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ። የጨርቁን የውስጥ ገጽ ከውስጥ ገጽ አጋጥሚና ስድስት ሚሊ ገብተሽ ስፊ። አዎ፣ በተቃራኒው፤ የተሳሳትሽ ይመስልሻል፣ አልተሳሳትሽም። የተረፈውን ጠርዝ ሦስት ሚሊ እስኪቀር ከርክሚው። ተኩሺው። አሁን ገልብጪው፤ ደህናው ፊት ከደህናው ፊት ይጋጠም፣ ከዚያ ዘጠኝ ሚሊ ገብተሽ ሁለተኛ ስፊ። የተከረከመው ጠርዝ ሁለቱ ስፌቶች መካከል ተቀብሮ ይቀራል። ከውጭ አንድ መስመር፣ ከውስጥ አንድ ንጹሕ እጥፋት፤ አንድም የሚንጠለጠል ክር የለም። ደንበኛሽ ልብሱን ስትገለብጠው ኦቨርሎክ ከተመታው ይልቅ ይሄ ያስደስታታል። ኦቨርሎክ የግድ የሚያሻው ሥራ ከመጣ ደግሞ በየከተማው ገበያ ኦቨርሎክ ብቻ እየመቱ የሚያድሩ ሰዎች አሉ፤ ወስደሽ ከፍለሽ አስመቺ።

ስለ ብድሩ ስትጠይቂኝ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር መኪና እየሰፋ ነው ያሳደገን። አንድ ዓመት ክረምት ላይ ሁለት መቶ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለህ የሚል ሰው መጣ። አባቴ በደስታ ተበድሮ የኤሌክትሪክ ማሽን አስመጣ። ቤት ሲገባ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየው፤ እናቴ ቡና አፈላች። ጳጉሜን ደረሰ፣ ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ማሽኑ በአንሶላ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆመ። እኔና ወንድሜ እየተሯሯጥን እንዳንነካው ስንከለከል አስታውሳለሁ። አባቴ በየቀኑ በረንዳው ላይ አሮጌው ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የአዲሱን ዕዳ የከፈለው አሮጌው ነው። አዲሱ ማሽን መጥፎ ስለነበረ አይደለም። ሥራው ሳይመጣ እሱ ቀድሞ መጣ። ስለዚህ አትበደሪ፤ ይህን ስልሽ ቤታችን የነበረው ያ በአንሶላ የተሸፈነ ማሽን እየታየኝ ነው።

«ብር ዋጋ እያጣ ነው» ያልሽው እውነት ነው፤ አንቺን አልከራከርሽም። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን የሱቅ ኪራይ በየወሩ፣ የብድር ወለድ በየወሩ፣ ደንበኛ ግን ገና የለም። ማሽኑ ሲወደድ የምታጪው አንድ ጊዜ ነው፤ ባዶ ሱቅ ከፍተሽ ስትቀመጪ የምታጪው ወር በመጣ ቁጥር ነው። ስድስት ዓመት በሰው አገር በላብሽ ያመጣሽውን ብር ለመስታወት በር አትስጪው። እባክሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

«ሰው ምን ይላል» ብለሻል። ሰው የሚያየው መሣሪያውን መስሎሻል፤ እኔ ግን የፈራሽው ሌላ ይመስለኛል። ማሽን እስክገዛ እየጠበቅሁ ነው የሚል ሰው ሥራው መጥፎ ነው አይባልም፤ ገና አልጀመረማ። ከሰፋሽ ግን ይታያል። የመጀመሪያው ቀሚስ አንገቱ ይጣመማል፣ ጎረቤት ያየዋል፤ ቤሩት ስድስት ዓመት ቆይታ ይህ ነው እንዴ ይላል። ይህ ፍርሃት ያማል፣ አውቃለሁ። ከስደት የተመለሰ ሰው ላይ የሰው ዓይን ይበዛል፤ ሻንጣው ከወረደበት ቀን ጀምሮ ምን አመጣች፣ ምን ሠራች ይባላል። በዚህ ዓይን ሥር ሆነሽ መጀመር ለሌላው ከመጀመር በእጥፍ ይከብዳል። ያንን ሸክም ግን የፋብሪካ ማሽን አያነሳልሽም። አዲስ ማሽን ላይ የተሰፋ ጠማማ አንገትም ጠማማ ነው፤ እንዲያውም ያኔ የምታመካኚበት ታጪያለሽ።

የእናትሽ ፔዳል አሳፈረኝ ብለሽ ግን አትጻፊ። እናንተን ያሳደገው እሱ ነው፤ ራስሽ ጻፍሽው። እናትሽ አሁን እንደማትሰፋበት ከደብዳቤሽ ገባኝ። ዓይኗ ቢደክም እንኳ ጣቷ ያውቃል። አጠገብሽ በርጩማ ላይ አስቀምጫት። ስፌቱን በጣቷ ትዳስሰውና ወዴት እንደሸሸ ትነግርሻለች። ሦስት መቶው ቪዲዮ ውስጥ አንቺን የሚያይሽ አንድም ሰው የለም፤ እሷ ግን እጅሽን ታያለች። ሙያ በልብ ነው የሚሉት እኮ እንደ እሷ ያለውን ሰው አይተው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ረስተሻል፤ እኔ ሳነበው ልቤ ዘለለ። ቤሩት ሰው ቤት ስትሠሪ ሸሚዝ ትተኩሺ አልነበረም? ስንት ሸሚዝ ይሆናል በስድስት ዓመት? ኮሌታውን ከጫፍ ወደ መሐል፣ እጅጌውን በስፌቱ ልክ፣ ትከሻውን በጠረጴዛው ጫፍ ላይ እያዞርሽ። የስፌት ግማሹ ካውያ ነው። ጀማሪ ሰፊ የሚታወቀው እያንዳንዱን ስፌት ሳይተኩስ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ነው፤ ልብሱ አልቆ ከላይ ቢተኮስ የውስጡ እጥፋት አይስተካከልም። ሌላው ሰው ዓመት የሚፈጅበትን የካውያ እጅ አንቺ ይዘሽ መጥተሻል፤ ከሻንጣው ጋር አልቆጠርሽውም። እንፋሎቱም ቢሆን ቤት ያለሽ ካውያና እርጥብ ጨርቅ ይበቁታል።

እንግዲህ ምን ላድርግ ትይኛለሽ። ካጠራቀምሽው ላይ ትንሽ ቆንጥረሽ አንድ ጥሩ መቀስ፣ መርፌ፣ ሜትር፣ የመኪና ዘይት፣ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ ግዢ። መቀሱ ላይ አትሳሺ፣ በሱ ወረቀት ማንም እንዳይቆርጥበት። መሣሪያ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም፤ የደነዘዘ መቀስ ጨርቅ ያኝካል፣ ከዚያ ምንም ብትሰፊ አይስተካከልም። ጨርቅ ላይ ለማስመር ያለቀ ሳሙና ስስ ቁራጭ ከጠመኔ ይሻላል፤ ሲታጠብ ይጠፋል።

ከዚያ የማትለብሺው ግን ልክሽ የነበረ አንድ አሮጌ ሸሚዝ አምጪ። አባቴ እኔን ያስተማረኝ በዚህ ነው፤ ጨርቅ እንድቆርጥ ከመፍቀዱ በፊት ምላጭ ሰጥቶ ሸሚዝ አስፈታኝ። ስፌቱን በስፌት መፍታት፣ አሥራ ምናምን ቁራጭ እስኪሆን። ቁራጮቹን ተኩሰሽ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ዘርጊያቸውና ዙሪያቸውን አስምሪ። ያኔ ቪዲዮ የማይነግርሽን ታያለሽ። እጅጌውን እዪው፤ አናቱ እንደ ኮረብታ የጎበጠ ነው፤ የፊቱ ጉብታና የኋላው አንድ አይደሉም። በሜትር ብትለኪው ደግሞ ከሚገባበት የብብት ቀዳዳ በጥቂቱ ይረዝማል። ለምን? ክንድ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ፣ ትከሻም ክብ ስለሆነ። ያን ትርፍ ሳይጨማደድ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት ነው እጅጌ መግጠም ማለት። መጀመሪያ ላይ ይጨማደድብሻል። አምስተኛው ላይም ይጨማደዳል። አሥረኛው ላይ ሁለቱ ጣቶችሽ ትርፉን ራሳቸው እየገፉ ማስገባት ይጀምራሉ፤ እንዴት እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አትችዪም።

ሠላሳ እጅጌ ግጠሚ። በአቡጀዲ፣ ባረጀ አንሶላ፣ በምንም። በቀን አንድ ብትገጥሚ አንድ ወር ነው። የጠመመውን ፍቺና መልሰሽ ግጠሚ፤ መፍታቱም ይቆጠራል። በጎን ደግሞ የጎረቤት ሥራ ተቀበዪ። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የተተረተረ መጠገን፤ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም በነጻ አትሥሪ፣ የከፈለ ሰው ነው ስህተትሽን በትክክል የሚነግርሽ። ሱቅ አያስፈልግሽም፣ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ይበቃል።

አጠገብሽ ደብተር ይኑር። ሥራ ያስቆመሽን ነገር በየቀኑ ጻፊበት። «ዛሬ ኦቨርሎክ ስላልነበረኝ ይህን ሥራ መለስኩ»፣ «ዛሬ ፔዳሉ ስለዘገየ አልደረስኩም»፣ «ዛሬ አንገቱን ስለተሳሳትኩ ፈታሁት»። ሦስት ወር ጻፊ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪው። ኦቨርሎክ የሚለው አሥራ አምስት ጊዜ ከተጻፈ ግዢው፣ ማንንም አታማክሪ፤ ብሩ ባንክ አለሽ፣ ዕዳ የለብሽም፣ ሥራውም ደጅሽ ቆሟል። «አንገቱን ስለተሳሳትኩ» የሚለው ከበዛ ደግሞ ብርሽን የምታውዪው ማሽን ላይ ሳይሆን አንድ ጎበዝ ሰፊ ዘንድ ለሁለት ወር ገብተሽ መቁረጥ በመማር ላይ ነው። አሻንጉሊት ስላልነበረኝ ተቸገርኩ የሚል ቀን ደብተሩ ላይ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ከተገኘ ግን አስገርሚኝ።

ቪዲዮዎቹን አጥፊ አልልሽም። ስለ ማሽን የሚያወሩትን ግን ለጊዜው አቆይያቸው። እጅጌ ገጥመሽ ስትቸገሪ፣ እጅጌ የሚገጥመውን አንዱን ክፈቺ፤ ያኔ የምትጠይቂውን ታውቂያለሽና ሦስት ደቂቃው ይበቃሻል።

ዛሬ ማታ ሲንጀሩን ግለጪው። አቧራውን ጥረጊ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ዘይት አጠጪው፣ ክር ሳታስገቢ አሮጌ ጨርቅ ላይ ትንሽ ንጂው፤ ትርፉን ዘይት ጨርቁ ይጠጣዋል። ከዚያ እግሩን አንስተሽ ክሩን አስገቢ። እናትሽን ጥሪያት። ከታች አሁንም ከተቋጠረ የስፌቱን የላዩንም የታቹንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ካልተቋጠረ ደግሞ የአሥረኛውን እጅጌ የውስጡን ላኪልኝ።

አክባሪሽ
እትዬ